በመቀስ የተከፈቱ ከረጢቶች

በየጠዋቱ፣ የምግብ ማከፋፈያው በር ከመከፈቱ በፊት፣ ጠረጴዛዋን በእርጥብ ጨርቅ ትወለውልና መነጽሯን ታደርጋለች። ከዚያ እናቶቹ በተራ ይቀርባሉ፤ ልጃቸው ባለፈው ሳምንት የበላባቸውን ባዶ ከረጢቶች ይዘረግፋሉ። እሷ አንድ በአንድ እያነሳች በአውራ ጣቷ ታሻቸዋለች፣ ታሸታቸዋለች። ባዶውን ያላመጣች እናት ለከሱ ሕፃናት ከሚታደለው አልሚ ምግብ አዲስ አታገኝም።

በዚህ ሥራ አስራ ዘጠኝ ዓመት ቆይታለች። እናቶቹ ፊት ለፊት «እትዬ» ይሏታል፤ ዞር ስትል «ጉምሩክ»። ቅጽል ስሙን ታውቀዋለች፤ አልጠላችውም። ባዶ መሰብሰብ የተጀመረው ከኦቾሎኒ የሚሠራው ምግብ ገበያ ላይ በማንኪያ ሲሸጥ ስለተገኘ ነው። የከረጢቱን አፍ መመርመር ግን የራሷ ፈጠራ ነው። ልጅ የበላበት ከረጢት በጥርስ ስለሚቀደድ ጥጉ ተጨማዶ ይቀራል። ለሽያጭ የሚገለበጠው በመቀስ ይቆረጣል፤ ወደ ብልቃጥ ሲጨመቅ እንዳይፈስ። በዚህ ዘዴ ሰባት እናቶችን ይዛለች። ከሰባቱ አምስቱ አምነዋል። ስለ ሁለቱ አስባ አታውቅም።

ስምንተኛዋ ልብስ ሰፊ ቤት ቁልፍ የምትተክል ወጣት ነበረች። የዓመት ከመንፈቅ ሴት ልጇን አዝላ መጣችና በክር የታሰሩ አስራ አራት ከረጢቶች ጠረጴዛው ላይ አኖረች። በሦስት ጎን ተቆርጠው እንደ ወረቀት ተዘርግተዋል፤ ታጥበው ደርቀዋል። ምንም አይሸቱም።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ባዶው ነው እትዬ። አንድም አልጎደለም።»

«አለመጉደሉንስ አልጎደለም። ልጅሽ በመቀስ ነው እንዴ የምትበላው?»

ሰልፉ ሳቀ። ከኋላ አንዷ፣ «ሹካና ቢላም ሳትለምድ አትቀርም!» ብላ ጨመረችበት።

«እሷው ናት የበላችው» አለች ወጣቷ። «እኔ የቆረጥኩት እኮ…»

«ስንቱን ሰምቼዋለሁ መሰለሽ፣ የኔ ልጅ! ቀጣይ!»

ስሟን ከመዝገቡ ሰረዘች። ቅጣቱ ለአንድ ወር ምግብ መከልከል ነው። ወጣቷ ከረጢቶቹን መልሳ በክሩ አሰረች፣ ያዘለቻትን ልጅ ገፋ አድርጋ አስተካከለች፣ «እሺ እትዬ» ብላ ወጣች። ወሩ ሲያልቅ አልመጣችም። በሚቀጥለውም አልመጣችም።

በሦስተኛው ወር የራሷ የ«ጉምሩክ» የልጅ ልጅ ታሞ ከሳ፤ ሐኪም ያንኑ ምግብ አዘዘለት። እሁድ ከሰዓት ልጇ ልብስ ስትተኩስ እሷ ሕፃኑን ታበላ ነበር። ከረጢቱን በጥርሷ ቀደደች፣ እስኪያልቅ ጨመቀችው። ሕፃኑ እንደገና አፉን ከፈተ። ከረጢቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን ስታነሳው በየጥጉ የተጣበቀ ምግብ አየች። መቀስ ከመሳቢያ አወጣች፣ ሦስቱን ጎን ቆርጣ ዘረጋችው፣ በማንኪያ ጠረገችው። አንድ ሙሉ ማንኪያ ወጣው። ሕፃኑ በላ። ከረጢቱን ጉንዳን እንዳይወርረው ቧንቧው ሥር አጠበችውና እጇ ላይ እንደያዘችው ቆመች።

«እማዬ፣ ውኃው እኮ እየፈሰሰ ነው! ምን ሆነሽ ነው?»

«ለልጇ ነበር የቆረጠችው» አለች።

«ማን?»

ቧንቧውን ዘጋች።

ሰኞ ልብስ ሰፊው ቤት ሄደች። ልብስ ሰፊው እግሩን ከፔዳሉ ሳያነሳ፣ «እሷማ ከሄደች ሁለት ወር አለፋት» አላት። «ገጠር፣ እናቷ ጋ ገባች።»

«የት ነው ገጠሩ?»

«ከዚህ ፊት ለፊት ከሚነሳው አውቶቡስ ከወረዱ በኋላ በእግር ነው ብላኛለች። እኔ የጠየቅኳት መቼ እንደምትመለስ ነው እንጂ የት እንደምትሄድ አይደለም።»

«ልጅቷስ?»

መኪናውን አቆመ። «ከመሄዳቸው በፊት በአንድ እጄ ነበር የማነሳት፣ እንደዚያ ከስታ። እርስዎ ዘመድ ነዎት?»

«አይ። የምግብ ማከፋፈያው ሠራተኛ ነኝ።»

ልብስ ሰፊው አንገቱን ደፍቶ መስፋቱን ቀጠለ።

በዚያ የአውቶቡስ መስመር አራት ጤና ጣቢያዎች አሉ። ልጅቷ ከቀረበች ያለ ምንም ጥያቄ ምግብ እንዲሰጣት ለአራቱም ደብዳቤ ጻፈች። የመጨረሻው መስመር «እናትየዋ አልሸጠችም፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» ይላል። አብሯት ያረጀው አለቃዋ አንብቦ ሳይፈርም እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«ይቺን መስመር አውጫት። መሥሪያ ቤቱን ታስጠይቃለች።»

«መስመሯ ከወጣችማ እናትየዋ ሌባ እንደተባለች ቀረች።»

«የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም፣ እቴ። አሁን የምትፈልጊላት ስሟን ነው ወይስ ምግቡን?»

ደብዳቤዎቹን ወስዳ አራቱንም ያለ መጨረሻው መስመር እንደገና ጻፈቻቸው፤ እሱም ፈረመ።

ደብዳቤዎቹ ማክሰኞ ምግብ በሚያደርሰው መኪና ይሄዳሉ። ክረምቱ መንገዱን ስላጨቀየው፣ መኪናው ዝናቡ እስኪያቆም ድረስ ከአራቱ ጤና ጣቢያዎች ሁለቱ ጋ ብቻ ይደርሳል።