ከምስጋናው ሰሌዳ የቀረው ስም

ይህ ነገር የገጠመኝ ባለፈው ዓመት፣ የመጀመሪያዬን የግል የሥዕል ዐውደ ርእይ ባዘጋጀሁበት ሰሞን ነው። ስለ ሥዕሎቼ ሰዎች የተናገሩትን አብዛኛውን ረስቼዋለሁ። በአዳራሹ በር ላይ ያሳለፍኳትን አንዲት ደቂቃ ግን ልረሳት አልቻልኩም፤ እንድረሳትም የሚፈቅድልኝ የለም።

የምኖረው ቀራንዮ ነው፤ አንዲት ክፍል ተከራይቼ። አልጋዬ ከገባ በኋላ እኔ ራሴ የምገባው በጎን ነው። ጎረቤቴ እትዬ ዘይነባ ቅመም ነጋዴ ናቸው። አንድ ቀን ሸራዬን ደጅ ዘርግቼ ስስል ዝናብ ሲያባርረኝ አዩና፣ ከጓሯቸው ያለውን የበርበሬ መጋዘን ግማሹን አስለቀቁልኝ።

«እስከ መቼ ልጠቀምበት?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«እስክትጨርስ ነዋ! ይሄም ይጠየቃል?» ብለው ተቆጡ።

ስምንት ወር ሙሉ እያስነጠስኩ ሳልኩ። ምሳ ሰዓት ሲደርስ እትዬ ዘይነባ በሩን በእግራቸው ገፋ አድርገው ሳህን ይዘው ይገባሉ። ሥዕሉን ትንሽ ያዩና «ማሻአላህ! የዚች ሴትዮ አንገት ግን አልረዘመም?» ይላሉ። በሙያዬ ማን ጠየቃቸው ብዬ እናደዳለሁ። እሳቸው ሲወጡ አየዋለሁ፤ እውነትም ረዝሟል። አሳጥረዋለሁ።

ቀኑ ሲቃረብ በአዳራሹ መግቢያ የሚቆም የምስጋና ሰሌዳ ላሳትም አሰብኩ። ጥፋቴ ሐሳቡን ለፀጉር አስተካካዬ ለአቶ ኃይሉ መንገሬ ነው። በሁለት ቀን ውስጥ ሰፈሩ በሙሉ ደጋፊዬ ሆኖ አረፈው። «ሰው ሥራ ይይዛል፣ አንተ ቀለም ትቀባለህ» እያለ ሲያሸማቅቀኝ የኖረው የእድራችን ጸሐፊ፣ «ያኔ የገሠጽኩህ እኮ እንድትበረታ ነው» ብሎ ስሙን አስመዘገበ። ጴንጤዋ ጎረቤቴ ከጸሎት ጓደኞቿ ጋር አምስት ሆና መጣች፤ እነሱስ እውነትም ሳይጸልዩልኝ አልቀሩም። አቶ ኃይሉ ራሱ የዐውደ ርእዩን ማስታወቂያ መስታወቱ ላይ ስለለጠፈልኝ ሦስት ጊዜ ተመላለሰ። መጀመሪያ ስሙ እንዲገባ፣ ቀጥሎ የአባቱ ስም እንዲጨመር፣ በመጨረሻም «ፀጉር አስተካካይ» የሚለው «የፀጉር ውበት ባለሙያ» ተብሎ እንዲታረም።

ሥዕሎቼ አሥራ ዘጠኝ፣ ተመስጋኞቼ ሠላሳ አንድ ሆኑ።

ዝርዝሩን የጻፍኩት እዚያው መጋዘን ውስጥ፣ እትዬ ዘይነባ ያመጡልኝን ምሳ እየበላሁ ነው። «ወረቀቱን ወጥ ነካብህ፤ መጀመሪያ ብላ» ሁሉ ብለውኛል። እኔ ግን የሰው ቅያሜ ስለምፈራ፣ ማንም እንዳይቀርብኝ ሦስት ጊዜ ደግሜ አነበብኩትና ወደ ማተሚያ ቤት ላክሁት።

የመክፈቻው ዕለት እትዬ ዘይነባ ለዒድ የሚለብሱትን ቀሚስ ለብሰው መጡ። ከወራቤ ያስመጧቸውን ሁለት እህቶቻቸውን አስከትለዋል። ሥዕሎቹ ጋ ከመግባታቸው በፊት ሰሌዳው ፊት ቆሙ። ታላቅየዋ እህታቸው፣ «ዘይነባ፣ ያንቺ ስም የቱ ነው?» ሲሉ ሰማሁ።

እትዬ ዘይነባ ሰሌዳውን ከላይ እስከ ታች አዩት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «አንተ አሳያቸው እስቲ» አሉኝ።

ሠላሳ አንዱንም ስም በዓይኔ አሰስኩ። የለም። ክው አልኩ። ያን ሁሉ ሰው ስመዘግብ፣ ሳህኑን ከፊቴ የሚያስቀምጡልኝን ሴት ረስቻለሁ! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ ነበር።

ያኔ አንድ ክፉ ሐሳብ መጣልኝ። እህቶቻቸው አማርኛ አያነቡም። እሳቸውም ቢሆኑ ከቁርኣን በቀር ሲያነቡ አይቻቸው ስለማላውቅ፣ ፊደል አይለዩም ብዬ ደመደምኩ። ጣቴ ተነሳና ያገኘው መስመር ላይ አረፈ።

«ይኸውና» አልኩ።

ያረፈው አቶ ኃይሉ ላይ ነበር፤ ከነአባቱ ስም፣ ከነውበት ባለሙያነቱ።

ታላቅየዋ እህት እልልታቸውን አቀለጡት። እትዬ ዘይነባ ጣታቸውን ስሙ ላይ ጭነው በእህቶቻቸው መሀል ቆሙ፤ ስልካቸውን ተቀብዬ ፎቶ ያነሳኋቸው እኔ ነኝ። አቶ ኃይሉ ከኋላዬ ሆኖ «እንዴ! ይሄ እኮ...» ብሎ ሲጀምር፣ በክንዱ ይዤ ወደ ውስጥ ጎተትኩት። በዚያን ዕለት ሥዕል ያየው በዚህ ምክንያት ብቻ ነው።

በማግስቱ ይቅርታ ልጠይቅ ሄድኩ። ምን እንደምል ሌሊቱን ሙሉ ስለማመድ ነበር። እትዬ ዘይነባን በርበሬ ሲቀነጥሱ አገኘኋቸው። አፌን ሳልከፍት ቀና አሉና፣ «ኃይሉ ተቀየመኝ እንዴ፣ ስሙን ስለነካሁበት?» አሉኝ።

«ለካ ማንበብ ይችላሉ?» አልኩ፤ ከዚህ የባሰ የሚባል ነገር ያለ አይመስለኝም።

«አንተ ልጅ! እዚያ ሁሉ ጆንያ ላይ 'ኮረሪማ'፣ 'ጥቁር አዝሙድ' ብሎ የጻፈው ማን መሰለህ?»

ስምንት ወር እነዚያ ጆንያዎች ላይ ተቀምጬ ስስል፣ ጽሕፈቱ የማን ነው ብዬ አንድ ቀን አልጠየቅኩም። ስም ከመርሳቴ ይልቅ ይሄ የበለጠ አሳፈረኝ።

«ከፋዎት?» አልኳቸው።

«ከፋኝ እንጂ! ሰው አይደለሁም? ግን እህቶቼን ስሜ ተጽፏል ብዬ ከወራቤ ድረስ አምጥቼ፣ የለም ብዬ ልመልሳቸው? ስትዋሽ እኔንም ከሐፍረት አተረፍከኝ። አላህ ሁለታችንንም ይቅር ይበለን።»

ሰሌዳውን በአዲስ አሳትማለሁ ብዬ ማልኩ። «ተወው፤ ይልቅ ምሳ በልተሃል?» አሉኝ። ሳህኑን ተቀብዬ በላሁ።

ዛሬ ስለ ምስጋና ሲወራ አንገቴን እደፋለሁ። ያልደገፉኝን ሁሉ ጨምሬ ሠላሳ አንድ ሰው በወርቃማ ቀለም አመስግኛለሁ፤ ያቆሙኝን ሴት ግን በሰው ስም ሸኝቻለሁ። እሳቸው አንድም ቀን አንስተውብኝ አያውቁም። ፎቶውን ብቻ አሳጥበው በትልቅ ፍሬም ሳሎናቸው ሰቀሉት።

አሁንም ምሳ ይጠሩኛል፤ እሄዳለሁ። ሳሎኑ ውስጥ ሰባት መቀመጫ አለ። እኔ ስገባ ሁልጊዜ ባዶ የሚሆነው ግን አንድ ነው፤ ከፎቶው ትይዩ ያለው።