ለድመት የተሠራ ጥላ

አጎቴ የማዘጋጃ ቤት ድመት ያዥ ነው። ባለቤት የሌላቸውን ድመቶች በሽቦ ወጥመድ እየያዘ ለእንስሳት ሐኪም ያስረክባል። ፊቱም እጁም ተቧጭሮ ስለሚገባ ጎረቤቱ ሁሉ ሚስቱ የምትቧጭረው ይመስለዋል፤ እሱም አያስተባብልም። «ድመት አሸነፈው ከሚሉኝ ይሻላል» ይላል።

የሐኪሙ መኪና እስኪመጣ የሚጠብቀው አንድም ዛፍ በሌለበት ግቢ ውስጥ፣ ፀሐይ አናቱን እየበሳው ነው። ጥላ ሥሩልን ብሎ ስንት ጊዜ ለመነ! አለቃው፣ ያ ወንበሩ ላይ የበቀለ ሰውዬ፣ «በጀት የለም» እያለ ይመልሰዋል።

ከዚያ አዲስ ሕግ ወጣ። የተያዘ እንስሳ ፀሐይ ላይ እንዳይውል፣ ውሃ እንዳይጠማው፣ እንዳይጮኹበትም ያዛል። በሳምንቱ ግቢው ውስጥ የቆርቆሮ ጣሪያ ቆመ፣ ቧንቧም ገባ። ለሰው የጠፋው በጀት ለድመት ከየት እንደወረደ እንጃ። አጎቴ ግን ለመገረም ጊዜ አላጠፋም፤ ወጥመዶቹን ጥላው ሥር ደረደረና መሃላቸው ካርቶን አንጥፎ ጋደም አለ።

አለቃው ከች አለ። «ተነሥ አንተ! ይሄ የተሠራው ለድመቶቹ ነው!» ብሎ አምባረቀ።

«ቀስ ይበሉ ጌታዬ፣ እነሱ ፊት መጮኽ ተከልክሏል» አለው አጎቴ፣ ከካርቶኑ ሳይነሣ።

«ጥላው ወጥመድ ውስጥ ለገባ ነው አልኩህ!»

«ታዲያ እኔን ሃያ ዓመት እዚህ ያቆየኝ ምን መሰለዎት?»