ከሜትሩ የጎደለችው ሁለት ሴንቲ

ባርኔጣ ሰፊውን ሰፈርተኛው «ስልሳ አንድ» ይለዋል። ስሙን ያወጣው ራሱ ነው፤ የራሱ ዙሪያ ስልሳ አንድ ሴንቲ መሆኑን ያልነገረው ደንበኛ የለም። «ዕቃው እንደ ማስቀመጫው ነው» ይላል፣ ግንባሩን መታ መታ እያደረገ።

የሚለካበት ሜትር የመነሻ ጫፉ አልቆ ሁለት ሴንቲ ጎድሎታል። ስለዚህ የደንበኛ ራስ ለክቶ ሁለት ይቀንሳል። የሴት ልጁን ራስ ሲለካ ግን መቀነሱን ይረሳል።

ልጁ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ከተወለደች ጀምሮ ራሷ ትንሽ ነው፤ ቀስ ብላ ትናገራለች፣ ቀስ ብላ ትማራለች። የምትለምነው አንድ ነገር ነው፦ ሜትሩን ይዛ ደንበኛ መለካት። ሰው ይስቅባታል ብሎ ስለሚፈራ «ነገ» ይላታል። ነገው አራት ዓመት ሆነው፤ እሷም ከመጋረጃው ጀርባ ሪባን እየለየች ታየዋለች።

«በእኛ ዘር እንኳን ራስ ጆሮም ትንሽ የለ» እያለ ሚስቱን ሲወጋ ኖሮ፣ የልጅቷ የደም ምርመራ ውጤት ደረሰና ሁለቱም ሐኪሟ ፊት ተቀመጡ።

«አንጎል የሚያድገው ሴል ለሁለት እየተከፈለ ነው» አለች ሐኪሟ። «ክፍፍሉን የሚመራ አንድ ዘረ መል ላይ ለውጥ አለ። ስለዚህ ገና በማህፀን ሳለች ሴሎቹ መባዛት ያለባቸውን ያህል አልተባዙም። ቁጥራቸው ሲያንስ አንጎሉም አነሰ፤ የራስ ቅሉም ልኩን ተከተለ።»

«ከእናቷ ወገን ነው አይደል፣ ዶክተር?»

«የተለወጠው ዘረ መል አንዱ ቅጂ ከእናቷ፣ አንዱ ከእርስዎ። ከአንዳችሁ ብቻ ቢሆን ኖሮ ራሷ አያንስም ነበር።»

«ከእኔ? ከዚህ ራስ?»

«አንድ ቅጂ ብቻ የያዘ ተሸካሚ ላይ አይታወቅም።»

ሚስቱ የአሥራ አምስት ዓመት መልስ ነበራት፤ ፊቱን ስታይ ተወችው።

በማግስቱ ጎረቤቱ ፀጉር አስተካካዩ ቆብ ሊያሰፋ ገባ። «ምነው ስልሳ አንድ፣ ዛሬስ አንገትህን ደፋህ? ራስህ ከበደህ እንዴ?»

ባርኔጣ ሰፊው መጋረጃውን ገልጦ ልጁን ጠራና ሜትሩን ሰጣት። «በይ እስቲ፣ መጀመሪያ እኔን ለኪ።»

ከጆሮው በላይ አዞረችው፤ በአውራ ጣቷ ቆነጠጠችው፤ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ።

«ሃምሳ ዘጠኝ።»

ፀጉር አስተካካዩ በሳቅ ፈረሰ። «አይ ልጄ፣ ተሳሳትሽ!»

«ሜትሩ ስልሳ አንድ ነው የሚለው» አለች ቀስ ብላ። «ሁለት ይቀነሳል። አባዬ ሁልጊዜ ይቀንሳል።»

ሃያ ዓመት ሙሉ ከሰው ራስ ላይ ሁለት ሲቀንስ የኖረው ሰው ከራሱ ላይ ቀንሶ አያውቅም ነበር። አሁንም «ተሳስታለች» ቢል ማንም ያምነዋል።

«ልክ ናት» አለ። ወንበሩንም ወደ ጎረቤቱ ገፋ አደረገ። «ቁጭ በል። የምትለካህ እሷ ናት።»

ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ሰፈሩ ሁሉ «ሃምሳ ዘጠኝ» ይለው ጀመር።