እትዬ ክርችም መጥረጊያ ያነሱ ቀን

የሴቶች ዶርማችንን ኃላፊ እትዬ ክርችም እንላቸው ነበር። ስሙን ያወጣነው እኛ ተማሪዎቹ ነን፤ ባገኙን ቁጥር «በሩን ክርችም አድርጋችሁ ዘግታችኋል?» ይሉናልና። ሰላምታቸውም ስንብታቸውም ይኸው ነበር።

በዚህ ቢያበቁ እሰየው። እሳቸው ግን ክፉ ሰው ግቢ ቢገባ ምን እንደምናደርግ ለማወቅ፣ ድምፃቸውን እየለዋወጡ በራችንን ያንኳኩብናል። አንዴ ጎርነን ብለው «የቧንቧ ሠራተኛ ነኝ» ይላሉ፤ አንዴ ቻርጀር ልትዋስ የመጣች ተማሪ ይሆናሉ። እየተንቀጠቀጡ «ልጆቼ፣ እኔ ነኝ፣ አስጥሉኝ» ሲሉ ሰምቼ ብከፍትላቸው፣ ወገባቸውን ይዘው ቆመው አገኘኋቸው። የከፈተች ኮሪደሩን ትጠርጋለች። ማንም ካልከፈተ የሚጠርጉት እሳቸው ናቸው፤ ውላችን ይህ ነው። እኔ ሆደ ቡቡ ስለሆንኩ እትዬ መጥረጊያ ነክተው አያውቁም ነበር።

በዚህ ነገር ከሁላችን በላይ የምታፍረው አንድ ዶርም አብራኝ የምትኖረው ጓደኛዬ ነበረች፤ የእትዬ የወንድም ልጅ ናት። እናቷ ስትሞት ገና ሕፃን ነበረች፣ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው።

«አክስቴ፣ ሰው እኮ እየሳቀብን ነው» ትላቸዋለች።

«ይሳቁ። ከመሞት መሰንበት» ይሏታል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጥይት ጮኸ። ሽጉጥ የያዘ ሰው የበሩን ጥበቃ ትከሻው ላይ አቁስሎ ወደ ዶርሞቹ ሮጠ። እትዬ ሳሙና ሊያወጡ ዕቃ ግምጃ ቤት ሄደው ነበር። እኛ ሁለታችን በሩን ቆለፍን፣ አንዱን አልጋ ገፍተን አስደገፍንበት፣ ስልካችንን አጠፋንና ከሌላው አልጋ ሥር ገባን። የዚያ ሁሉ ንዝንዝ ፍሬ ነው፤ ማንም ሳያዘን እጃችን ራሱ ሠራው።

ከቆይታ በኋላ በሩ ተንኳኳ።

«ልጄ፣ እኔ ነኝ። ተይዟል። ክፈቺልኝ።»

የእትዬ ድምፅ ነው፤ ይንቀጠቀጣል። እንደ ልማዴ ልወጣ ስል ጓደኛዬ ቀሚሴን ጨምድዳ ያዘችኝ።

«የምር እሳቸው ናቸው እኮ» አልኳት በሹክሹክታ።

«ባለፈውም እንዲሁ ብላ ኮሪደር አስጠርጋሻለች።»

«እሱ ጨዋታ ነበር።»

«አሁንስ ሽጉጥ ደግኖባት ቢሆን?» አለችና አፏን በእጇ ከድና አለቀሰች። ብትከፍት ሁላችንም ልናልቅ ነው፤ ባትከፍት ደግሞ ምናልባት አክስቷን ልታጣ ነው። ከዚያ ወዲህ እንደሷ ያለ ጀግና አላየሁም።

«ልጄ፣ ድምፅሽን ብቻ አሰሚኝ» አሉ እትዬ። ዝም አልን። ደጋግመው ለመኑ። በመጨረሻ ማንኳኳቱ ቆመ፤ አንድ ነገር በሩን እየታከከ ወደ ወለሉ ሲወርድ ሰማን።

ፖሊሶች ከታች በድምፅ ማጉያ «ውጡ፣ አልቋል» ሲሉ በመስኮት አጮለቅን። ሰውየው እጁን ታስሮ መኪና ላይ ሲጫን በዓይናችን አየን። አልጋውን ጎትተን በሩን ከፈትን።

እትዬ ወለሉ ላይ ተዘርግተዋል፤ አንድ ጫማቸው የለም። ልጃቸውን ስበው ፊቷን፣ ክንዷን፣ ሆዷን ዳበሱ።

«ሞታለች ብዬ… ለምን ዝም አልሽኝ?»

«አንቺው ነሻ ያስተማርሽኝ።»

እትዬ እንባቸውን በመዳፋቸው አበሱና ተነሡ፤ ጥግ ላይ የቆመውን መጥረጊያ ያዙ። ልቀበላቸው ብጠጋ በክርናቸው ገፋ አደረጉኝ።

«ተይኝ፣ ዛሬ የኔ ተራ ነው» አሉ፤ በአንድ እግር ጫማ እያነከሱም ኮሪደሩን ከዳር እስከ ዳር ጠረጉት።