ባሌስትራው ምን አለ?

ልጅ ሳለሁ ከሰማኋቸው ተረቶች በአንዱም ውስጥ ጅብ አልነበረም። የጎረቤት ልጆች ስለ ጦጣና ስለ ቀበሮ ሲሰሙ፣ እኔ የሰማሁት ስለ ፌሮ፣ ስለ ሞረድና ስለ ባሌስትራ ነው። ተራኪው የአባቴ አባት፣ አያቴ ሰዒድ ነበሩ፤ ከወሎ መጥተው መቐለ የቀሩ ቢላ ሠሪ። ዕድሜያቸውን ሙሉ መስፍ ላይ የወረደው መዶሻ ጆሯቸውን ወስዶታል። ተረት ለመንገር ግን ጆሮ አያስፈልግም፤ እንዲያውም ጆሮ የሌለውን ተራኪ ማንም አያቋርጠውም።

ሥራ ሲያበቃ፣ ወናፉ ዐርፎ ፍሙ ዐመድ መልበስ ሲጀምር፣ ዓዲ ሓቂ ካለው ቤታችን ጓሮ ፋኖሱን ምሰሶው ላይ ይሰቅሉና፣ ከዕለቱ አሮጌ ብረት አንዱን ጭናቸው ላይ አጋድመው ይጀምሩ ነበር። ሦስት ወንድማማቾች ነበሩ። ታላቁ ፌሮ፣ ቤት ሲሠራ ሲሚንቶ ውስጥ የሚቀበረው፣ ለሁሉም እሺ ባይ ነው፤ ያጎበጡት ዕለት እንደ ጎበጠ ይቀራል፣ አግለው ውኃ ቢነክሩትም ጠባዩ አይለወጥም፣ ስለዚህ ስለት አያወጣም። መካከለኛው ሞረድ ኩሩ ነው፤ ሌላውን ሁሉ ይሞርዳል፣ እሱን ግን በእሳት ካላባበሉት ከእጅ በወደቀ ቀን እንደ ሸክላ ይሰበራል። ትንሹ ባሌስትራ ከጭነት መኪና ሥር ተኝቶ፣ ሸክም ሲመጣ ጎንበስ ይላል፣ ሸክሙ ሲወርድ ቀና ይላል። «ለካራ የሚሆነው እሱ ነው» ይሉ ነበር፤ «ጎንበስ ብሎ መመለስ የሚያውቅ።»

ማስረጃም ነበራቸው። ፌሮውን የሚሽከረከረው ድንጋይ ላይ ሲያስነኩት ፍንጣሪው እንደ ክር ቀጥ ብሎ ይረዝምና ይጠፋል፤ የሞረዱ ከድንጋዩ ሳይርቅ እንደ አበባ ይፈነዳል፤ የባሌስትራው በሁለቱ መካከል ነው። ከዓመታት በኋላ እንዳ ኢየሱስ ባለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ አንድ መምህር ስለ ካርቦን መጠን ሰሌዳ ሞልቶ ሲያስረዳ፣ ሦስቱ ወንድማማቾች ስማቸውን ለውጠው እንደመጡ ያወቅሁት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ፍንጣሪ የዐይን ሥራ ነው። ያገለገለ ብረት ግን ከላይ ደኅና መስሎ ከውስጥ ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ይህን የሚናገረው ድምፁ ነው። በሽቦ ተንጠልጥሎ በመዶሻ ሲነካ ደኅናው እንደ ቃጭል ይጮኻል፣ የተሰነጠቀው ዱብ ብሎ ዝም ይላል። የእኔ ጆሮ የሚፈለገው እዚህ ላይ ነበር። ይመቱና «ምን አለ?» ይሉኛል። እጄን ከዘረጋሁ ጮኸ ማለት ነው፤ ከጨበጥኩ ዝም አለ። ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ትልቅ ሰው የእኔን ጆሮ መጠበቁ ከትምህርት ቤት ሽልማት ሁሉ የሚበልጥ ሹመት ነበር።

በዚያው ዓመት የእናቴ ወንድም፣ ኣኮይ ሓጎስ፣ ቤታችን መጣ። የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። እናቴ ሙስሊም ካገባች ጀምሮ፣ ዕድሜዬን ያህል ማለት ነው፣ ደጃችንን ረግጦ አያውቅም፤ ልቅሶ ቤት ካልተገናኘን በቀር ሰላምታም አልነበረንም። ያን ዕለት ወደ ማታ ከትከሻው ላይ አንድ ባሌስትራ አውርዶ በሩ ላይ ቆመ። ልጁን ሊድር ነው፤ የሰርጉ በሬ የሚታረድበት ካራ፣ ወጣትነቱን ከጨረሰባት መኪናው በወጣ ብረት እንዲሠራለት ፈልጓል። በከተማው ሌላ ቢላ ሠሪ ጠፍቶ አልነበረም። ይህ የገባት እናቴ ከማጀት ወጥታ፣ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ታየው ጀመር።

«ከመይ ኣለኺ ሓፍተይ» አላት፣ ዐይኑን ከብረቱ ሳያነሣ።

«ደኅና ነኝ። አስቀምጠውና ግባ እንጂ።»

«መጀመሪያ እሱ ይታይ» አለ። እንግዳ ሳይሆን ደንበኛ ሆኖ መምጣቱን ማሳወቁ ነበር።

አያቴ በብረቱ ወገብ ባለው ቀዳዳ ሽቦ አስገብተው ሰቀሉትና መቱት። «ምን አለ?»

ዱብ አለ። ኣኮይም ድምፁን ሰምቶታል፤ ትርጉሙን ግን አያውቅም። እጄን ብጨብጥ ብረቱን መልሶ ተሸክሞ እንደሚወጣ፣ ሌላ ዘጠኝ ዓመትም እንደማይመጣ ታየኝ። እናቴን አየኋት። እጄን ዘረጋሁ።

አያቴ እጄን አዩ፤ ቀጥለው ፊቴን አዩ። ከዚያ ሲያደርጉት አይቼ የማላውቀውን አደረጉ፦ ባሌስትራው የተንጠለጠለበትን ሽቦ በጥርሳቸው ነከሱና እንደገና መቱት። ዐይናቸውን ጨፍነው ትንሽ ቆዩ። ለካ ብረት በጥርስም ይሰማል።

ፊቴ ከፍሙ ይበልጥ ጋለ። እሳቸው ግን የተናገሩኝ «አንቺ፣ ጠመኔሽን አምጪ» ብቻ ነው። የባሌስትራውን ወገብ በላምባ ቀቡት፣ በጨርቅ አደረቁት፣ ነጭ እስኪሆን ጠመኔ ፈገፈጉበት፣ ፋኖሱንም አስጠጉ። ሁላችንም አጎንብሰን ጠበቅን። ስንጥቁ ውስጥ የተደበቀው ላምባ ጠመኔውን እያረጠበ፣ ከቀዳዳው ጀምሮ እንደ ፀጉር የቀጠነች ጥቁር መስመር ቀስ ብላ ወጣች።

«በእነዚያ ዳገቶች ሁሉ እንዲህ ሆኖ ነው የተሸከመኝ?» አለ ኣኮይ። መስመሯን በጣቱ ነካት።

አያቴ አልሰሙትም። «አብሽር» አሉት፤ «ጫፉ ደኅና ነው። ካራ አይወጣውም እንጂ የሽንኩርት ቢላ ይወጣዋል።»

«ለሰርግ በሬ የሽንኩርት ቢላ!» አለ ወደ እናቴ ዞሮ።

«ወጡ ያለ ሽንኩርት ሊሠራ ነው?» አለችው። «አንተ እንደሆንክ ድሮም ከገበያ የተሰነጠቀውን መርጠህ ነው የምታመጣ። እናታችን ስንት ገንቦ አስመለሰችህ?»

ሳቀ። ሳቁ የእናቴ ሳቅ ነበር፤ እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር። ገብቶም ሽሮ በላ። ሥጋ ላይ የማይስማሙ ሰዎች ሽሮ ላይ መገናኘታቸው ይህች ከተማ ካላት ጥበብ አንዱ ነው።

በሬው በሌላ ካራ ታረደ። ትንሿን ቢላ ግን ኣኮይ በየሁለት ሳምንቱ «ደነዘዘች» እያለ ያመጣት ጀመር። ያ ብረት እንዲህ ቶሎ የሚደነዝዝ አልነበረም፤ ይህን አያቴም እሱም ያውቁ ነበር። ድንጋዩን ሁለት ጊዜ አስነክተው ይመልሱለታል፤ እሱም ሽሮውን በልቶ ይሄዳል።

አያቴ አሁን የሉም። ከተረቶቻቸው ብዙውን ረስቻለሁ፤ ከፍንጣሪውና ከወንድማማቾቹ ይልቅ የማስበው ጥርሳቸውን ነው። በጥርሳቸው መስማት ከቻሉ ያን ሁሉ ማታ የእኔን ጆሮ ለምን ፈለጉት? እኔ ከገባሁ በኋላ ሽቦውን እየነከሱ ያረጋግጡ እንደነበር ጠርጥሬ አውቃለሁ፤ ቢሆንም አልቀየማቸውም። የተሰነጠቀ ካራ የሰው እጅ ይቆርጣል።

ከሁሉ በላይ አብሮኝ የቀረው ግን ኣኮይ መጀመሪያ በመጣ ማግስት የነበረው ማታ ነው። እንደ ወትሮው ሌላ ባሌስትራ ሰቀሉ፣ መቱት፣ ፊታቸውንም ወደ እኔ አዞሩ።

«ምን አለ?»

እጄን ጨበጥኩ። ሽቦውን በጥርሳቸው አልነኩትም። ብረቱን አወረዱና ከማይረቡት መካከል ወረወሩት።