«የሚቃወም?» ከተባለ በኋላ

የታሰርኩት በቧንቧዬ ምክንያት ነው። አዳማ ውስጥ ያለችኝ ፀጉር ቤት ሁለት ወንበርና የኔን ወሬ ብቻ ነው የምትይዘው። ውሃ ከጠፋ ሰንብቶ ነበር። የአንድ ደንበኛ ጭንቅላት በሳሙና አረፋ እንደተሸፈነ ቧንቧው ተንፍሶ ዝም ሲል፣ «ይሄ ደግሞ ለይቶለት ተቃዋሚ ሆኗል» አልኩ። ቤቱ ሳቀ። በማግስቱ የመጡት ሁለት ሰዎች ግን አልሳቁም።

በኛ ሰፈር ይህን ቃል ለማንም እንሰጠዋለን። ቁርሱን አልበላም ያለ ሕፃን ተቃዋሚ ነው። ዳገት ላይ የቆመ ባጃጅ ተቃዋሚ ነው። ባለቤቴማ እኔን በቀን መቶ ጊዜ ትለኛለች፣ በዓል ከሆነ ሁለት መቶ። መርማሪው ግን ቃሉን ጠረጴዛው ላይ እንደ ጥይት አስቀመጠው።

«ተቃዋሚ ስትል ማንን ነው?»

«ቧንቧውን።»

«ደግሞ ተቃዋሚ አይባልም። ተፎካካሪ ነው የሚባለው። ስብሰባ አትገባም እንዴ?»

ቧንቧው ከማን ጋር እንደሚፎካከር ልጠይቀው አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። በሕይወቴ የዋጥኩት የመጀመሪያው ቀልድ ሳይሆን አይቀርም።

ያስገቡኝ ክፍል ድሮ የእህል መጋዘን የነበረ ይመስላል። ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮው ሲግል፣ ላባችን በበሩ ሥር ወጥቶ ቆቃ ግድብ የሚገባ ይመስለኝ ነበር። የምንተኛው በጎናችን ነው። አንዱ መገላበጥ ካማረው ቤቱ በሙሉ ተስማምቶ ይገላበጣል። በአንዱ ጥግ የሽንት ባልዲ አለ። በሌላው ጥግ፣ ከጣሪያው ሥር፣ የእጅ ፎጣ የምታህል ባለ ፍርግርግ መስኮት አለች። ቤቱ ያለው አየር በእሷ የሚገባው ብቻ ነው።

ከመስኮቷ ሥር የሚተኙት አንድ ሽማግሌ ነበሩ። አባባ እንላቸዋለን። የቆቃ ዓሣ አስጋሪ ናቸው። የተያዙት ልጅዎ ያለበትን ይናገሩ ተብለው ነው። አያውቁትም ይሆናል፣ ወይም አልተናገሩም። አስም አለባቸው። ሲተነፍሱ ደረታቸው ውስጥ አንድ ሰው ፉጨት የሚለማመድ ይመስላል። ካቦው፣ ማለትም የክፍላችን አለቃ፣ በጠብ የገባ የከባድ መኪና ሹፌር፣ መስኮቷን የሰጣቸው ራሱ ነው። ክፉ ሰው አልነበረም።

አንድ ቀን ስንቅ ገብቶ ከበላን በኋላ በሩ ተከፈተና አንድ ሰውዬ ፍራሽ አሸክሞ ገባ። ፍራሽ ይዞ የታሰረ ሰው ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። የጣቢያው ኃላፊ ዘመድ እንደሆነ ወሬው ከሱ ቀድሞ ገብቶ ነበር። ቆሞ ዙሪያውን አየና፣

«እዚህማ ሰው ይቀቀላል። እኔ መስኮቱ ጋ ነኝ» አለ።

ካቦው በሩን አየ። ፖሊሱ አልሄደም፤ ተደግፎ ቆሟል። ካቦው አጨበጨበ።

«ቤቱ ስብሰባ አለው!»

ወለል የሚጠርገውን እንኳ በድምፅ ነበር የምንመርጠው። አካሄዱን ከቀበሌም ከእድርም ስለምናውቀው ማንም አላስተማረንም። ሰብሳቢው «የሚደግፍ?» ብሎ እጅ ያያል። ከዚያ «የሚቃወም? የለም። ድምፀ ተአቅቦ? የለም። በሙሉ ድምፅ ጸድቋል» የሚለውን ሳይተነፍስ ይጨርሰዋል። ጥያቄውና መልሱ አንድ ላይ ተሰፍተው ነው የሚመጡት።

«እንግዳው መስኮቱ ጋ ይሆናል። አባባ ወደ ባልዲው ይጠጋሉ» አለ ካቦው። «የሚደግፍ?»

እጆች ተነሱ። ዓይኖች ወለሉ ላይ ነበሩ። የኔ እጅ ጉልበቴ ላይ ነው። ጠዋት መርማሪው ጠርቶኝ፣ «አርብ ትወጣለህ፣ ካቦው ስለ ጠባይህ ደህና ከነገረኝ» ብሎኝ ነበር። አባባ ጋቢያቸውን ማጠፍ ጀመሩ። ፉጨቱ ይሰማል።

«የሚቃወም? የለም። ድምፀ...»

«አለ» አልኩ።

እጄ ተነስቷል። መቼ እንዳነሳሁት እንጃ። ፊቶች በሙሉ ወደኔ ዞሩ፤ አንዳንዶቹ ከወዲሁ ፈገግ ብለዋል። ቀልድ እየጠበቁ ነው።

ካቦው ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጋሼ፣ በናትህ፣ ቀልዴን ነው በል።»

አዝኖልኝ ነው። በሩን በቅንድቡ አሳየኝ። ከአፌ አንድ ቀልድ ቢወጣ ሁሉም ስቆ ነገሩ ያልቅ ነበር። እኔም አርብን አገኝ ነበር።

«አልቀለድኩም» አልኩ። «እቃወማለሁ። እሳቸው ባልዲው ጋ ከሄዱ መተንፈስ አይችሉም።»

«ተቃዋሚው ይሄ ነው?» አለ ባለ ፍራሹ፣ ገበያ ላይ በግ እንደሚያይ ሰው።

«ምንድን ነው እሱ?» አለ ፖሊሱ ከበሩ።

«ምንም የለም። ቦታ እያስተካከልን ነው» አለው ካቦው። ከዚያ ወደኔ፣ «አንድ ድምፅ ነው። ተሸንፈሃል።»

«አውቃለሁ። ግን ቁጠረኝ።»

ካቦው ላቡን በክንዱ ጠረገ።

«የሚቃወም፣ አንድ» አለ፣ ጮክ ብሎ።

ባለ ፍራሹ መስኮቷን ወሰደ። የኔ ቦታ ከመስኮቷ ሁለተኛው ነበር። ብርድ ልብሴን ጠቅልዬ ተነሳሁና ቦታዬን ለአባባ አሳየኋቸው።

«ኢልመኮ፣ ልጄ፣ አይሆንም። አንተስ?»

«እኔ ባልዲው ጋ ዘመድ አለኝ አባባ። ከገባሁ ጀምሮ ናፍቆኛል።»

አባባ ሳቁ፤ ሳቁ ሳል ሆነባቸው፤ ሳሉም ቆይቶ በረደ። ወደ ባልዲው ስሄድ፣ ሲደግፉ እጃቸውን ካነሱት አንዱ፣ ቀና ብሎ ሳያየኝ እግሩን ሰብስቦ ቦታ ለቀቀልኝ።

አርብ አልወጣሁም። ከዚያ በኋላም ብዙ አርብ አለፈ። ካቦው ስለኔ ምን እንዳለ አልጠየቅኩትም፣ አልነገረኝም። አባባ ከኔ በፊት ተጠርተው ወጡ፣ በራሳቸው እግር እየሄዱ።

ዛሬ የሰፈራችን እድር ሰብሳቢ ነኝ። የመረጡኝ ለወሬዬ ነው። «የሚቃወም?» ካልኩ በኋላ ግን ዝም እላለሁ። ሰው ይሰለቻል። ሰዓቱን የሚያይ አለ፣ «ማንን ነው የምትጠብቀው?» የሚለኝ አለ። እኔ ከፊት እስከ ኋላ የእያንዳንዱን ፊት አያለሁ።

ባለፈው ወር ከኋላ ወንበር አንዲት ሴትዮ እጇን አነሳች፣ ከትከሻዋ ብዙም ሳታሳልፍ። ነገሩ ስለ ድንኳን ኪራይ ነበር። ምክንያቷን ስትናገር ድምጿ ይንቀጠቀጣል። እስክትጨርስ ማንም ከወንበሩ አልተነሳም።