የመሐድ እጆች

ባለፈው ረመዳን ጅጅጋ ላይ የሆነ ነገር ነው። ኢፖክሲ በሸተተኝ ቁጥር ትዝ ይለኛል፤ እንጀራዬ እሱ ነውና በየቀኑ ይሸተኛል።

መሐድ የሥራ ባልደረባዬ ነበር። ከደሴ ስመጣ እንጨትና ኢፖክሲ የሚባለውን ፈሳሽ ሙጫ አዋህዶ ጠረጴዛ መሥራትን ያስተማረኝ እሱ ነው። ኢፖክሲ ደግሞ አንዴ ከደረቀ ጉድ ነው። የምናፈስበት ፎርማ ላይም መሮው ላይም ድንጋይ ሆኖ ይቀራል። ሥራ ስንጨርስ ዕቃውን በቲነር እየነከርን በሽቦ እንፈገፍጋለን።

መሐድ ግን የሚፈገፍገው ዕቃውን ብቻ አልነበረም። ለሶላት ሲታጠብ ውሃው ቆዳውን መንካት አለበት፤ ጥፍሩ ላይ ጠብታ ኢፖክሲ ከቀረች ውዱእ አልሆነም ባይ ነው። ስለዚህ በየሶላቱ እጁን እስከ ክርኑ በዚያው ቲነር፣ በዚያው ሽቦ ይፈትጋል። ጓንት አድርግ ስለው ያልበኛል ይላል። "ሰውዬ፣ እጅህ እኮ ፎርማ አይደለም" እለዋለሁ። ይስቃል።

በረመዳን ሶላቱም ስለሚበዛ ፍተጋው ባሰበት። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ታጥቦ ሲነሳ እጁ አብጧል፣ ፊቱ ቀልቷል፣ ዓይኑ ሊደፈን ደርሷል። ትንፋሽ አጠረው። ባጃጅ ውስጥ ከትቼው ወደ ሆስፒታል ስንበር ደረቱ ሲያፏጭ ይሰማኛል። እኔ በማርያም ስም እለምናለሁ፣ ባለባጃጁ በአላህ ይማጸናል። ሞተብኝ ብዬ ነበር።

ዳነ። ሐኪሟ ግን ቁርጡን ነገረችው። ቲነሩ ኢፖክሲውን እያሟሟ ቆዳው ውስጥ ሲያስገባው ኖሯል፤ ከእንግዲህ ሰውነቱ ሽታውንም አይችልም። እናቱን የሚጦርበት ሙያ በዚያው ቀረ።

ሻል ሲለው እኔን አስከትሎ ሄዶ ሼኩን ስለ ውዱኡ ጠየቀ። ሳይጎዳህ የማይለቅ ከሆነ በላዩ ላይ መታጠብ ይበቃህ ነበር አሉት። ካለፈ ምን ያደርጋል!  ስንመለስ መሐድ መንገድ ላይ ቆም አለና፣

"ዋላል፣ ወንድሜ፣ አንድ ቀን እንኳ ብጠይቅ ምን ነበረበት?" አለኝ።



አሁን የአጎቱ ሱቅ ተቀምጦ ጫማ ይሸጣል። ላየው ስሄድ ልብሴን ቀይሬ ነው፤ እጄን ግን ምን ባጥበው አላምነውምና ኪሴ ውስጥ እከተዋለሁ። እሱም ከባንኮኒው ጀርባ ሆኖ እጁን ደረቱ ላይ ጭኖ ሰላም ይለኛል። ያየን ሰው የተጣላን ይመስለዋል። እኔን ግን ሥራ ያስያዘኝን ያን እጅ መጨበጥ ናፍቆኛል።